የግድግዳው መስመር

ሸዋ በር አካባቢ፣ ከሚኒባሶቹ መቆሚያ በስተኋላ፣ አንዱ ካልተቀመጠ ሌላው የማይቆምባት ጠባብ ክፍል ነበረችኝ። ኮምፒውተር እጠግናለሁ፣ ሜሞሪ ካርድ ላይ ዘፈን እጭናለሁ። ፕሮግራም መጻፍ የተማርኩት እዚያው ነው፤ መጨረሻው ከተገነጠለ መጽሐፍና ሲበላሽብኝ ደጋግሜ ካፈረስኩት የራሴ ሥራ። ብዙ አልናገርም። ሰው ሲገባ "ምን ሆነ?" እላለሁ፤ ሲወጣ "ተሠራ" እላለሁ።

ጋሼ ወደዚያች ክፍል የመጡት ላፕቶፓቸውን በጋዜጣ ጠቅልለው፣ በሁለት እጃቸው ይዘው ነው። በቀድሞው ሠራዊት የሙዚቃ ክፍል ውስጥ ጥሩምባ ነፊ ሆነው ሐረር የተመደቡ፣ ሠራዊቱ ሲበተን የከተማውን ልጅ አግብተው እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው። ከዚያ ወዲህ በየሰርጉ ኦርጋን ይጫወታሉ። ኦርጋኑን ከላፕቶፑ ጋር በገመድ ያገናኙታል፤ ከበሮውንና ባሱን ላፕቶፑ ይመታል፣ እሳቸው ዜማውን ከላይ ይጨምራሉ።

"ምን ሆነ?" አልኳቸው።

"መስኮቱ ይጋርደኛል" አሉ።

ከፍተው አሳዩኝ። ምት ሊቀይሩ ሲሉ አንዲት ትንሽ መስኮት ብቅ ትልና ስክሪኑ መሐል ላይ ትገተራለች። ከሥሯ የድምፁን ልክ የሚያሳዩት ዘንጎች አሉ። እሷ እስክትዘጋ ድረስ ደግሞ የሚነኩት ቁልፍ ሁሉ የሚገባው ለእሷ ነው።

"ሙሽራዋ ስትገባ ምት ልቀይር ስል ይሄ ጉድ መጥቶ ይቆምብኛል። ከበስተኋላው ያለው አይታየኝም።"

"ቢጋርድስ፣ ይሰማዎት የለ?" አልኩ።

ከንፈሬን ትንሽ አዩት። "ማየት እፈልጋለሁ አልኩህ እኮ" አሉ።

መጀመሪያ የሠራሁት ቀላል ነገር ነበር፤ ያቺ መስኮት በወጣች ቁጥር ወደ ታችኛው ጥግ የሚገፋት፣ የተነካውንም ቁልፍ ለዋናው መስኮት የሚመልስ። ይዘው ሄዱ፣ በሳምንቱ ተመለሱ። ዘንጎቹ ትንሽ ናቸው አሉ። አተለቅኋቸው። ድንኳን ውስጥ ቀዩ አይታይም አሉ። ሄጄ አየሁት፤ እውነታቸውን ነው። በሰማያዊ ሸራ ሥር፣ እኩለ ቀን ላይ፣ የስክሪን ቀይ ጥቁር ይመስላል። ቢጫ አደረግሁት። ቀጥሎ ምቱ በወረደ ቁጥር የስክሪኑ ጠርዝ ዙሪያውን ብልጭ እንዲል ጠየቁኝ፤ ጣታቸውን እያዩ በዓይናቸው ጥግ እንዲይዙት።

የሚጠይቁኝ ሁሉ የሚታይ ነገር ነበር። ባሱ ይጎረብጣል፣ ይሄ ዋሽንት ዋሽንት አይመስልም፤ ሌላ ኦርጋን ተጫዋች የሚያነሣውን እንዲህ ያለውን ነገር አንድም ቀን አላነሡም።

ምክንያቱ የገባኝ ብልጭታውን ስጽፍ ነው። ላፕቶፑ አሮጌ ስለነበር ሥዕሉ ከድምፁ ኋላ ይቀራል። ዓይን ለመጨፈን እንኳ የማይበቃ ጊዜ ነው፤ ካልተጠነቀቅሁ እኔም አላየውም። ጋሼ ኦርጋኑን ጭናቸው ላይ አጋድመው ሞከሩት። ዜማቸው ከከበሮው ኋላ ቀረ፤ ልክ በዚያችው ልክ። ከበሮው ይመታል፣ ጠርዙ ብልጭ ይላል፣ ጣታቸው ከብልጭታው ጋር ይወርዳል። ጆሮ ያለው ሰው ከበሮውን ይከተላል እንጂ መብራቱን አይከተልም። ብልጭታውን ሆን ብዬ አዘገየሁት። ዘገዩ። ጨምሬ አዘገየሁት። ጨምረው ዘገዩ። ዜማውና ከበሮው ተለያይተው ሁለት ዘፈን ሆኑ፤ የጋሼ ፊት ላይ ግን መልካም የተጫወተ ሰው እርካታ ነበር።

ፊቴን ወደ በሩ አዞርኩና "ጋሼ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?" አልኩ።

መልስ የለም። ዞሬ፣ ከንፈሬን እያሳየሁ ደገምኩት።

እጃቸውን ከኦርጋኑ ላይ አነሡ። "ግራው ከሠራዊት ቤት ነው" አሉ። "ቀኙ አሁን አሁን ነው የሄደው። ያለኝ ፉጨት ብቻ ነው፤ ሌት ተቀን የማያቆም ፉጨት።"

"ማን ያውቃል?"

"ሚስቴ። አሁን ደግሞ አንተ።" ኦርጋኑን በመዳፋቸው ጠረጉት። "ኦርጋን ተጫዋቹ ደንቁሯል ከተባለ ሰርጉን ማን ይሰጠዋል? ልጄ፣ እኔ ሌላ ሥራ አላውቅም። ከዚያ ወንበር ከተነሣሁ የምቀመጥበት የለኝም።"

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት፣ ደንበኛ ሳይበዛ፣ ለእሳቸው ብቻ የሚሆን ፕሮግራም መጻፍ ጀመርኩ። አንድ መስኮት ብቻ ያለው፤ ከላዩ ምንም የማይወጣበት፣ ምንም የማይጠይቅ። ከበሮውን የሚመታው ፕሮግራሙ ራሱ ስለሆነ ቀጣዩ ምት መቼ እንደሚወርድ አስቀድሞ ያውቃል፤ ስለዚህ ሥዕሉ የሚዘገይበትን ልክ ለካሁና ብልጭታውን በዚያው ልክ አስቀድሜ ላክሁት። ድምፁና መብራቱ ገጠሙ። ጋሼም ከከበሮው ጋር ገጠሙ። ከታች አንድ መስመር አደረግሁላቸው፤ ከላፕቶፑ የሚወጣውን ድምፅ እየተከተለ የሚወጣና የሚወርድ፣ ዝም ሲል የሚተኛ።

እንዲህ አድርገው ብዙ ሰርግ ተጫወቱ። አብሯቸው የሚሠራው ድምፃዊ፣ ምላሱ የማያርፍ ወጣት፣ አንድም ነገር አልጠረጠረም።

"አቦ ጋሼ! ዓይንዎን ከዚህ ስክሪን የሚነቅሉት መቼ ነው? ሲኒማ ነው እንዴ የሚያዩት?"

"አንተ ዝፈን።"

"ወላሂ፣ ሚስትዎ ሆነ'ኮ ይሄ ነገር!"

"ከሚስት ይሻላል" አሉ ጋሼ ከንፈሩን አንብበው። "መጋረጃ ግዛ አይልም።"

የከፋው ቤታቸው ነበር። ቤታቸው አቦከር ነው፤ የሚለማመዱበት ክፍል ከጎረቤታቸው ከሐጂ ቤት ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል። ሐጂ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ በእርጅና ያጎነበሱ ሰው ናቸው። በሁለቱ መካከል የቆየ ልማድ ነበር። ሐጂ ለሶላት ሊታጠቡ፣ ውዱእ ሊያደርጉ፣ ሲነሡ በምርኩዛቸው ግድግዳውን ይመታሉ፤ ጋሼ ይህን ሲሰሙ ኦርጋኑን ዘግተው፣ ሶላቱ አልቆ ምርኩዙ እንደገና እስኪመታ ይጠብቃሉ። ከሰርግ የመጣ ሥጋ ሳይሆን ብስኩትና ቴምር ይላክላቸዋል፤ ከሐጂም ቤት በዒድ ሙሉ ሳህን ይመጣል። የጋሼ ጆሮ ሲሄድ ምርኩዙም አብሮ ሄደ። ሐጂ ይመታሉ፣ ጋሼ ይጫወታሉ። ሚስታቸው፣ እትዬ፣ ቤት ካሉ ሮጠው ያስቆሟቸዋል፤ ገበያ ከሄዱ ግን ሶላቱ በከበሮ ውስጥ ያልፋል። ቀስ በቀስ ሐጂ መምታቱን ተዉት። መንገድ ላይ ሲገናኙም ሰላምታውን በግማሽ ይመልሱ ጀመር።

"ልንገራቸው" ይላሉ እትዬ።

"ለሐጂ የተነገረ ለመስጊዱ ሁሉ የተነገረ ነው" ይላሉ ጋሼ። "ይቀየሙኝ።"

ነገሩ የወጣው ኤረር በር አጠገብ በተተከለ ድንኳን ውስጥ ነው። የአስተማሪ ልጅ ሰርግ ነበር፣ ከምሳ በኋላ። አንድ ገመድ ስለላላ ላስተካክል ተጠርቼ ከስፒከሩ ኋላ ተቀምጫለሁ። ድምፃዊው አንድ ዘፈን አጋመሰና ለጋሼ ብቻቸውን የሚጫወቱበትን ክፍል ትቶላቸው ውሃ ሊጠጣ ወጣ። ጋሼ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብለው ጀመሩ።

መብራት ሄደ።

ቀን ስለነበር የጠፋ አምፖል የለም፤ የጨለመ ነገር የለም። ስፒከሩ ብቻ ዝም አለ። ላፕቶፑና ኦርጋኑ ግን በባትሪ ይሠሩ ነበር። ጠርዙ ብልጭ ይላል፣ ከታች ያለው መስመር ይወጣል፣ ይወርዳል። ጨፋሪዎቹ መርገጣቸውን ወዲያው ስላላቆሙ መሬቱም ይርገበገብ ነበር። ጋሼ ተጫወቱ። ከዚያ እግሩ ቆመ፣ ጭብጨባው ቆመ፣ ድንኳኑ ጸጥ አለ፤ የሚሰማው የጋሼ ጣት የፕላስቲኩን ቁልፎች ሲመታ የሚያወጣው ደረቅ ቀጭ ቀጭ ብቻ ሆነ። ያለ ዜማ፣ በፍጥነት፣ በሙሉ ልብ።

ሰው መጀመሪያ ቀልድ መሰለው። ከኋላ አንዱ "አቦ፣ ለመላእክት ነው እንዴ የሚጫወቱት!" አለ። ሳቁ ከዚያ ጀምሮ ተሰራጨ። ጋሼ ቀና አሉና የሚስቁ አፎች አዩ። ድንኳን ሙሉ የተከፈተ አፍና ጥርስ። ደስ ያላቸው መሰላቸው፤ ፈገግ አሉላቸው፣ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው አመሰገኑ፣ ጨመሩበትም።

ገመዱን ጥዬ ስነሣ ድምፃዊው ቀድሞኝ ደረሰ። እጁን እጃቸው ላይ አደረገ። ጋሼ ወደ እሱ፣ ከእሱ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ስክሪኑ አዩ። መስመሩ ገና ይንቀሳቀስ ነበር፤ ከበሮውን ማንም አላቆመውም። ሳቁን ያቆመው የድምፃዊው ፊት ነው።

የእኔ መስመር የሚያሳየው ከላፕቶፑ የወጣውን ነው። ከላፕቶፑ እስከ ሰው ጆሮ ድረስ ያለውን መንገድ አያውቅም። መብራት በየቀኑ በሚሄድበት ከተማ ተወልጄ አድጌ፣ ይህን አላሰብኩትም ነበር። ጋሼም አላሰቡትም። ሁለታችንም የምንፈራው ጆሯቸውን ብቻ ነበር።

ወሬው ከጋሼ ቀድሞ ነው አቦከር የደረሰው። በማግስቱ እዚያ ስሄድ ሐጂ ምርኩዛቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። ጋሼ ተነሥተው ወንበር ሰጧቸው። ሐጂ አልተቀመጡም።

"ያ ወንድሜ!" ብለው ጮኹ፤ ከዚያ ጩኸት እንደማይጠቅም ሲያስታውሱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ለካ አትሰማኝም ነበር። እኔ ግን ናቀኝ እያልኩ፣ በሶላቴ ሁሉ ልቤ ባንተ ቂም ይዞ... አስተግፊሩላህ። ለምን አልነገርከኝም?"

እትዬ ቃሉን በእጃቸውና በከንፈራቸው አቀበሏቸው።

"አፍዎን ፈርቼ ነው" አሉ ጋሼ።

ሐጂ ሳቁ። ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠና እስኪለቃቸው ቆዩ። "እውነትህን ነው" አሉ። "ዝም አልልም ነበር።"

በዚያው ሳምንት ሁለት ነገር ሠራሁ። አንደኛው ለድንኳኑ ነው። ተራ ማይክሮፎን ድንኳን ውስጥ አይሆንም፤ እልልታውንም ጭብጨባውንም ስለሚሰማ፣ ስፒከሩ ቢሞት እንኳ መስመሩ ይዘላል። ስለዚህ ከተበላሸ የሕፃናት መጫወቻ ውስጥ ጩኸት የምታወጣውን ስስ ክብ ብረት አወጣሁ። ይህች ብረት ገመዷን ገልብጠው ወደ ላፕቶፕ ካስገቡት አየሩን ትታ የተለጠፈችበትን ነገር መንቀጥቀጥ ብቻ ትሰማለች። የስፒከሩ ሣጥን ላይ ለጠፍኳት። አሁን መስመሩ ሁለት ሆነ፤ ላይኛው ላፕቶፑ ያወጣው፣ ታችኛው ስፒከሩ በእርግጥ የተናገረው። ሁለቱ ሲለያዩ ስክሪኑ ሙሉ በሙሉ ነጭ ይሆናል። ሶኬቱን እየነቀልኩ ብዙ ጊዜ ሞከርኩት። አልሳተም።

ሁለተኛዋን ብረት በሐጂ በኩል ያለው ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። ሦስተኛ መስመር ሆነች። ሐጂ በምርኩዛቸው ሲመቱ መስመሩ እንደ እሾህ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ የስክሪኑም ጠርዝ ሰማያዊ ይሆናል። የመጀመሪያው ቀን ጋሼ እሾሁን ሲያዩ እጃቸውን ከኦርጋኑ ላይ አንሥተው ደረታቸው ላይ አደረጉት። ሐጂ ሶላቱ ካለቀ በኋላ መቱ። እንደገና መቱ። ያለ ሶላትም መቱ።

"አብደዋል" አሉ እትዬ።

"ሰላም እያሉኝ ነው" አሉ ጋሼ፤ አንድ ወፍራም ድምፅ ተጭነው መለሱላቸው።

ሁለቱ መስመሮች ግን ድንኳን አላዩም። ሰርግ የሚጠራ ጠፋ። ወሩ የሰርግ ወር ነበር፤ በየመንገዱ ድንኳን ይተከላል፣ በየመንገዱ ከበሮ ይመታል። ድምፃዊው መጥቶ አንድ ጊዜ አየኝ። ፕሮግራሙን አሳየሁት፣ ሶኬቱን ነቅዬ ስክሪኑ ሲነጣ አሳየሁት።

"ወላሂ ግሩም ነው" አለ። "ግን የሙሽራው ቤተሰቦች እሳቸውን ሲያዩ ያን ቀን ነው የሚያዩት። ስክሪኑ ይሥራ አይሥራ ማን ይጠይቃል? ሰው የሚጠብቀው መቼ ነው የሚሳሳቱት ብሎ ነው።"

"አይሳሳቱም።"

"አውቃለሁ እኮ።" ዓይኑን ከእኔ ላይ አነሣ። ከሱ ጋር አሁን የሚሠራው ፍላሽ ሰክቶ ጣቱን ብቻ የሚያንቀሳቅስ ሌላ ልጅ መሆኑን ሰምቼ ነበር። አልጠየቅሁትም።

ጋሼ ስለ ሰርግ መጠየቅ አቆሙ። ጠዋት ይላጫሉ፣ ሸሚዝ ይለብሳሉ፣ ከኦርጋኑ ፊት ይቀመጣሉ። ማንም የማይጨፍርበትን ዘፈን ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው ይጫወታሉ፤ ምርኩዙ ሲመታ ያቆማሉ፣ ሲመታ ይጀምራሉ። ከቀረው ዓለም ወደ እሳቸው የሚገባው በዚያች መስመር ነበር። እኔም ሱቄን ዘግቼ ሌላው ሰው ለጫት ሲቀመጥ እሄዳለሁ፤ አንዳንድ ነገር አስተካክላለሁ። የመስመሩን ውፍረት፣ የሰማያዊውን ጥልቀት። አብዛኛው መስተካከል የሚያስፈልገው አልነበረም።

አንድ ከሰዓት በኋላ እንዲሁ አጠገባቸው ተቀምጫለሁ። ጋሼ ይጫወታሉ። እትዬ ከውጭ ገቡ። ምንም ሳይሉ፣ እኔንም ሳያዩኝ፣ በጋሼ ጀርባ አልፈው የስፒከሩን ሶኬት ከግድግዳው ነቀሉ።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ስክሪኑ ነጣ። ላይኛው መስመር ይዘላል፣ መካከለኛው ተኝቷል። ለዚህ ብዬ የሠራሁት ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ እኔ ሙከራ ሠራ።

ጋሼ አላቆሙም። መብራት የሄደ መስሏቸው ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ቀና ብለው በራፉ ላይ ያለውን አምፖል አዩ፤ እትዬ ቀን ቀን ማጥፋት የሚረሱት አምፖል ነው፣ ይበራል። ጣታቸው ቀዘቀዘ። ሰዓታቸውን አዩ። የከሰዓቱ ሶላት፣ የዐስር፣ ሰዓት አልፏል። ሦስተኛዋን መስመር አዩ። ከጠዋት ጀምሮ እሾህ አልወጣባትም። እኔም ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት።

በሠፈራችን ኦርጋን በሰላም ጊዜ የሚነቀልበት ምክንያት አንድ ብቻ ነው።

ዞር ብለው እትዬን አዩ። እትዬ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው ነበር።

"ሐጂ ናቸው?" አሉ ጋሼ።

እትዬ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ለፈጅር ሶላት ሳይነሡ ቀሩ። ልጃቸው ከድሬዳዋ መጥቶ በር ሰብሮ ነው የገባው" አሉ፤ ወዲያው ደግሞ ቃሉን ለሁለተኛ ጊዜ በቀስታ፣ ከንፈራቸውን እያሳዩ መለሱት።

ከበሮው አሁንም በዝምታ ይመታ ነበር፤ ጠርዙ ብልጭ ብልጭ ይላል። ፕሮግራሙን ልዘጋው እጄን ወደ ማውሱ ላክሁ። ጋሼ አንጓዬን ያዙኝ።

"ከበሮውን ብቻ" አሉ።

ከበሮውን አቆምኩት። ላይኛው መስመር ተኛ። ሦስቱም ተኙ። ነጩ ስክሪን ወደ ጥቁር ተመለሰ። ጋሼ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ሦስተኛዋን መስመር ያዩ ጀመር። ምን እንደሚጠብቁ አልገባኝም።

ጥቂት ቆይቶ መስመሩ ተንቀሳቀሰ። እሾህ አይደለም፤ ዝቅ ያለ፣ ረጅም መንቀጥቀጥ ነው። እኔ በግድግዳው በኩል የሰማሁት ከባድ ነገር በመሬት ላይ ሲጎተት ነው፤ አልጋ ይሆናል። ቀጥሎ ብዙ ትናንሽ መንቀጥቀጦች ተከታትለው መጡ፣ የእግር ኮቴ። ከኮቴው ኋላ አንድ የሴት ድምፅ ተነሣ፣ ሌሎች ተከተሉት፤ ያ ግን መስመሩ ላይ በውሃ ገጽ ላይ እንደሚታይ ትንሽ ሽብሽብታ ብቻ ሆነ።

ጋሼ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ፣ ሽብሽብታው ሥር አደረጉ፤ እየተከተሉትም ወሰዱት።

"ሰው እየገባ ነው" አሉ።

"አዎ" አልኩ።

"ብዙ ሰው ነው።"

"አዎ ጋሼ።"

ተነሡ። ኮታቸውን ከበሩ ኋላ አውርደው ለበሱ፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፉ። እትዬ ክንዳቸውን ያዙ። ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ዞር ብለው ወደ ላፕቶፑ አዩ።

"አታጥፋው" አሉኝና ሰው ወደሚያለቅስበት ቤት ወጡ።

እኔ ለመነሣት ጊዜ ወሰደብኝ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈችው ብረት አንድ ጠርዟ ተላቅቆ ነበር። በአውራ ጣቴ ተጫንኳት። መስመሩ ከፍ ብሎ ወጣ፣ ጠርዙ ሰማያዊ ሆነ፤ የነካኋት እኔ ነኝና ወዲያው ለቀቅኳት። ከዚያ እኔም ተከትያቸው ወጣሁ።